በኅዳር ማለዳ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለወፍ ቀለበት ማሰር፦ ለጀማሪ በጎ ፈቃደኛ ዝርዝር መመሪያ

ወፍ መረብ ውስጥ ተንጠልጥላ ስታዩ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ነገር ጥድፊያ ነው። ቶሎ ላውጣት፣ ቶሎ ልገላግላት ትላላችሁ። እጃችሁ ያንን ጥድፊያ ይዞ ከገባ ግን ክሩ ይበልጥ ይጠብቃል፣ ወፏም ይበልጥ ትታገላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐይቁ ዳር የሚመጡ በጎ ፈቃደኞችን ስቀበል ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ቀስ በሉ፤ ካልሆነላችሁ ጥሩን። ሌላው ሁሉ በልምምድ ይመጣል።

በየዓመቱ በቃል የማስረዳውን አሁን በጽሑፍ ላስቀምጠው ተነሳሁ። በቃል ሲነገር ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዘለላል፤ የሚዘለለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለወፏ የሚበጀው ነው። ከዋዜማው ዝግጅት ጀምሬ መረቡ ታጥፎ እስኪገባ ድረስ እሄዳለሁ።

ቀለበቱና ወሩ

ወፏ በመረብ ትያዛለች፣ እግሯ ላይ ቀለበት ይታሰርላታል፣ ትለቀቃለች፤ በኋላ ስትገኝ በቁጥሯ ትታወቃለች። ቀለበቱ ስስ የአሉሚኒየም ጥምዝ ነው። በላዩ ላይ ለዚያች ወፍ ብቻ የሚሆን ቁጥር እና ቀለበቱን ያወጣው ተቋም አድራሻ ተቀርጾበታል። ለትናንሾቹ ወፎች የሚሆነው የግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይመዝንም። ሥራውን በሥርዓት የጀመረው ሃንስ ክርስቲያን ኮርኔሊየስ ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ቪቦርግ በምትባል ከተማ ስታርሊንግ ለሚባሉ 165 ወፎች ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት አሰረላቸው። ከዚያ በፊት በዚንክ ሞክሮ ነበር፤ ዚንኩ ከበዳቸውና ተወው። ከ100 ዓመት በላይ አልፎም ዛሬ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ያው ነው፦ ይህ ነገር ወፏን ይከብዳታል ወይ?

ኅዳርን የምንመርጠው በሁለት ምክንያት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ከመስከረም ጀምረው በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ይወርዳሉ። ኅዳር ላይ ገሚሶቹ እዚሁ ሰፍረዋል፣ ገሚሶቹ ወደ ደቡብ ሊቀጥሉ ያርፋሉ። በኬንያ ጻቮ ዌስት ፓርክ ውስጥ ንጉሊያ በሚባል ቦታ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ወቅት በየዓመቱ ቀለበት ይታሰራል፤ እዚያ ከሚያዙት ወፎች ብዙዎቹ በእኛ ሰማይ አልፈው የሚሄዱ ናቸው። ሁለተኛው ምክንያት አየሩ ነው። ዝናቡ አልፏል፣ ማለዳው ጸጥ ያለ ነው፣ የሐይቁም ነፋስ እስከ ረፋድ አይነሳም።

ስለ ቀኑ አንድ ምክር ልጨምር። ኅዳር 12ን ተዉት። ሚካኤል ነው፤ ኅዳር ሲታጠን በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ጭሱም በማለዳው ብርድ መሬት ለመሬት ተኝቶ ይቆያል። ለእናንተም ለወፎቹም አይበጅም። ከ15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ስለሚገባ የምትጾሙ ሰዎች ስንቁን አስቡበት። በባዶ ሆድ የሚንቀጠቀጥ እጅ ወፍ መያዝ የለበትም። በዚህ ላይ እኔ አልደራደርም፤ የሚጾም ሰው ያን ቀን መዝገብ ይጽፋል ወይም ካስማ ይተክላል እንጂ መረብ አይነካም።

ፈቃድ

ይህ ሥራ ማንም ተነስቶ የሚሠራው አይደለም። መረብ የሚዘረጋውና ቀለበት የሚያስረው የሠለጠነ፣ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ቀለበቱም ከታወቀ የቀለበት ተቋም ይመጣል። በአፍሪካ ለብዙ አገሮች ቀለበት የሚሰጠው በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ያለው ሳፍሪንግ የተባለው ተቋም ነው። በጎ ፈቃደኛ የሚሠራው ፈቃድ ባለው ሰው፣ ማለትም በአሠልጣኙ፣ ፈቃድ ሥር ነው። አሠልጣኙ የፈቃዱን ቅጂ በኪሱ መያዙን ማታውኑ ጠይቁ። ጠዋት ጥበቃ መጥቶ ሲጠይቅ ወረቀቱ ቤት ቀርቶ ከተገኘ መረቡ ይዘጋል፣ ቀኑም ይባክናል።

ዋዜማው

የሚከተሉትን ማታ አዘጋጁና በር ላይ አስቀምጡ። በጭንቅላት የሚታሰር ባትሪ፤ እጃችሁ ነጻ መሆን አለበት። ውሃ የማያስገባ ቦቲ ጫማ፤ ሐይቁ ዳር ባዶ እግር መግባት ቢልሃርዝያ ያመጣል፣ ይህን እንደ ቀላል አትዩት። ቁልፍና ዚፕ የሌለው ሹራብ ወይም ጃኬት። የጣት ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት፣ የአንገት ሐብል ሁሉ ቤት ይቅር። ዘርፍ ያለው ነጠላና ሻርፕም እንዲሁ። የመረቡ ክር በጣም ቀጭን ስለሆነ ባገኘው ነገር ሁሉ ይያያዛል። ጥፍራችሁን ቁረጡ። ሽቶና የወባ ትንኝ ቅባት እጃችሁን አይንካው፤ ቅባቱ ላባ ያበላሻል፣ ስለዚህ ረጅም እጅጌ ይሻላል።

ለቡድኑ የሚያስፈልገው ከረጢት ነው፤ በብዛት። የወፍ ከረጢት የሚሰፋው ከአቡጀዲ ነው። አየር ያስገባል፣ ብርሃኑን ደግሞ ያደበዝዛል፤ ወፍ በጨለማ ትረጋጋለች። ወደ ሰፊ ስትወስዱት ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ንገሩት። ሰፊው ሁሉ መጀመሪያ አይስማማም፣ «ገልብጬ ልስጥሽ እንጂ እንዲህማ አያምርም» ይላል። ስፌቱ ወደ ውስጥ ከሆነ ግን በተፈታው ክር ላይ የወፏ ጥፍር ይጠመጠማል፤ ከረጢት ውስጥ እጅ ከትቶ በዳበሳ ክር መፍታት ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። ከ25 እስከ 30 ከረጢት ለአንድ ማለዳ ይበቃል። በአንድ ከረጢት አንድ ወፍ ብቻ ይገባል፤ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ይታጠባል።

ሌላው ቀርከሃ፣ ካስማ፣ ሲባጎ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ሁለት እርሳስ፣ መዝገቡ። ብዕር አይሆንም፤ ጤዛ ሲነካው ይፈሳል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት

በኅዳር መጨረሻ ሐዋሳ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። መረቡ ከዚያ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ ተከፍቶ መጠበቅ አለበት፤ ወፎቹ ከማደሪያቸው የሚንቀሳቀሱበት የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከቀኑ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ መገኘት ግድ ነው። የባጃጁን ሰው ማታ ተቀጣጠሩት፤ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ አያዋጣም።

ወደ ውሃው ከመቅረባችሁ በፊት ስለ ጉማሬ ጠይቁ። ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድርና ንጋት ላይ ወደ ሐይቁ የሚመለሰው በራሱ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ መረብ መትከል፣ ወይም በእሱና በውሃው መካከል መቆም፣ ነፍስ ያስከፍላል። መንገዱን የሚያውቁት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። እኛ ዘንድ ይህን የሚያሳዩን አንድ ሽማግሌ አሉ። የመጀመሪያው ዓመት መረባችንን በጣታቸው ዳስሰው፣

«ልጄ፣ ይሄ ለቆሮሶም አይሆን። ቀዳዳው ጠበበ፣ ክሩም ሳሳ።»

«ለወፍ ነው፣ ጋሼ።»

«ልትበሏት?»

«የለም። ቁጥር አስረንላት እንለቃታለን።»

ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ያሰራችኋት እንደሆነች በምን ታውቋታላችሁ፣ ከዓመት በኋላ?» አሉ። ቁጥሩን አሳየናቸው፤ በባትሪው ብርሃን አስጠግተው አዩት። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ሳይጠይቃቸው ጉማሬው ያለፈበትን ሊነግሩን ይመጣሉ። በአካባቢው ያሉ ሰዎች የሚሠራውን ካወቁ ግማሹ ችግር ይቀልላል። ስለዚህ ለሚጠይቅ ሁሉ፣ ለሕፃንም ቢሆን፣ አስረዱ፤ እንደ ምስጢር አታድርጉት።

መረብ መዘርጋት

ለትናንሽ ወፍ የሚሆነው መረብ ጥቁር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል አካባቢ፣ ርዝመቱ 6፣ 9 ወይም 12 ሜትር ነው። ቀዳዳው 16 ሚሊ ሜትር ነው። ወርዱን አግድም የሚያቋርጡ ጠንካራ ክሮች አሉት፤ መረቡ በእነሱ ላይ ላላ ብሎ ሲንጠለጠል ኪስ ይሠራል። ወፏ በርራ መረቡን ትመታና ኪሱ ውስጥ ትወድቃለች። መረቡ እንደ ከበሮ ቆዳ ከተወጠረ ኪስ የለም፤ ወፏ ትነጥርና ትሄዳለች። በጣም ከላላ ደግሞ ታችኛው ኪስ በወፏ ክብደት ሣሩን ይነካል፤ ጤዛ ያረጥባታል፣ ጉንዳን ይደርስባታል። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይበል።

ቦታ ስትመርጡ ከኋላው ጨለም ያለ ነገር ያለበትን ፈልጉ። በደንገሉና በፊላው መካከል የተቆረጠ ጠባብ መተላለፊያ፣ ወይም ከፊላው ወደ ዛፎቹ መሻገሪያ የሆነ ክፍት ቦታ ጥሩ ነው። ጦጣ የሚበዛበትን የአሞራ ገደልን የመሰለ ቦታ ግን እኔ አልመክርም። ጦጣ መረብን እንደ መጫወቻ ያየዋል፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍም በአንድ ርምጃ ይቀደዋል።

ሁለት ሰው ይዘረጋል። አንዱ የመረቡን ዳር ማንጠልጠያዎች በቅደም ተከተል ይዞ በመጀመሪያው ቀርከሃ ላይ ያስገባል፤ የላይኛው ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያል። ሌላው ወደ ኋላ እየሄደ ይፈታል፣ መረቡ መሬት እንዳይነካ እጁን ከፍ አድርጎ። መሬት ከነካ የግራር እሾህና ጭራሮ ይለቅማል፤ እሱን በባትሪ መልቀም 20 ደቂቃ ይበላል። ቀርከሃዎቹ ከቆሙ በኋላ ሲባጎውን ወደ ካስማው ወጥሩ። የመረቡን ቁጥር በልብስ መቆንጠጫ ላይ ጽፋችሁ ቀርከሃው ላይ ስቀሉ። ከአምስት መረብ በላይ በአንድ ማለዳ አትክፈቱ፣ ሠልጣኝ የሚበዛበት ቀን ከሆነ ሦስት ይበቃል። መረብ የሚከፈተው ባለው እጅ ልክ ነው።

ዙር

ከተከፈተበት ደቂቃ ጀምሮ በየ20 ደቂቃው ሁሉም መረብ ይታያል። ግማሽ ሰዓት የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል። ጭላት አካባቢው ላይ ከታየ አንድ ሰው መረቡ አጠገብ ይቀመጥ። ዝናብ ከጀመረ ወይም መረቡ በነፋስ ሸራ ከሆነ ወዲያው ይዘጋል፤ «አንድ ዙር እንጨምር» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም፣ አትስሙት።

በዙር ላይ መረቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከላይ እስከ ታች ተመልከቱ። ቡናማ ትንሽ ወፍ በታችኛው ኪስ ውስጥ በደረቅ ቅጠል ትመሰላለች። በመጀመሪያው ዙር በባትሪ ስለምታዩ ባትሪውን በመረቡ ጎን አስኪዱ፤ ዓይን ያበራል።

ከመረብ ማውጣት

ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቡት።

መጀመሪያ አትንኩ። ቆማችሁ እዩ። ወፏ የገባችው ከየትኛው ጎን ነው? ኪሱ ወደ የትኛው በኩል ተንጠልጥሏል? መውጫዋ የገባችበት ነው እንጂ ሌላ የለም። ከተሳሳተው ጎን የጀመረ ሰው ክሩን እያወጣ ሳይሆን እያስገባ ነው የሚውለው።

ኪሱን ከፍታችሁ የወፏን ሰውነት በአንድ እጅ ያዙ፤ ጀርባዋ መዳፋችሁ ላይ ይረፍ፣ ክንፏ ይከደን። ከዚያ እግሯ ይቀድማል። ትናንሽ ወፎች ክሩን በጥፍራቸው ጨብጠው ይይዛሉ። እግሯን ከታች አትጎትቱ፤ ላባ ካለበት ከቅልጥሟ በላይ በሁለት ጣት ያዙና ቀጥ አድርጉት፣ ጣቶቿ ራሳቸው ይከፈታሉ። እምቢ ካለች በእርሳስ ጫፍ ክሩን ከጥፍሯ ላይ አንሸራቱት። እግር ከተፈታ በኋላ ክንፍ፦ ክሩ የተጠመጠመበትን መታጠፊያ ፈልጉና ከመታጠፊያው ወደ ክንፉ ጫፍ አቅጣጫ አሳልፉት። መጨረሻ ራስ። ለሕፃን ልጅ ጠባብ ሹራብ እንደምታወልቁ አስቡት፤ ክሩን ከማጅራቷ ጀምራችሁ በአናቷ ላይ ወደ ምንቃሯ ታመጡታላችሁ። በተቃራኒው፣ ከምንቃር ወደ ማጅራት፣ ከሄዳችሁ ላባዋ ይቆማል፣ ክሩም ይገባል።

በመያዝ ላይ ያለው ትልቁ ስህተት ደረትን መጫን ነው። ወፍ እንደ እኛ ከደረትና ከሆድ መካከል የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ በማንቀሳቀስ ነው። ስትፈሩ የሚጠብቀው ጣት በትክክል ያንን ያግዳል። ትክክለኛው አያያዝ አንገቷን በጠቋሚና በመካከለኛ ጣት መካከል አሳርፎ ሌሎቹን ጣቶች እንደ ጎጆ በዙሪያዋ መክደን ነው። ጎጆው አይጨብጥም፤ ብቻ አያስወጣም። መጀመሪያ ቀን አሠልጣኙ እጃችሁን በእጁ ይዞ ያሳያችሁ፤ ይህ በንባብ ብቻ አይገባም።

ምላሷ ላይ ክር ከተያዘ፣ ወይም ደግሞ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከሞከራችሁ በኋላ ምንም ካልተፈታ፣ እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጥሩ። በዚህ የሚፈረድበት ሰው የለም። በእኛ ቡድን ጥሩ በጎ ፈቃደኛ የምንለው ቶሎ የሚጠራውን ነው። አሠልጣኙ መቀስ ይይዛል፤ ክሩን መቁረጥ ካስፈለገ ይቆርጣል፣ ቀዳዳው ቤት ሄዶ ይጠገናል።

ሦስት ዓይነት ወፍ ስታገኙ ተዘጋጁ። ጎጆዋን እንደ መሶብ የምትሰፋው ቢጫዋ ወፍ ምንቃሯ ጠንካራ ነው፣ ጣት ትነክሳለች፤ ብትነክስም አትልቀቋት፣ ለመዳን ብላ ነው እንጂ ጥላቻ የላትም። ጀርባዋ ሰማያዊ ሆዷ ብርቱካንማ የሆነችው ትንሿ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደግሞ ምንቃሯ እንደ ወስፌ ነው፤ ከፊታችሁ አርቁ። ረጅም ጅራት ያላት፣ በቡድን የምትሄደው ግራጫ ቡናማ ወፍ በጥፍሯ ክሩን እንደ ገመድ ጠቅልላ ትይዛለች። እሷን ለአሠልጣኙ ተዉለት።

ወፏ ከወጣች ወዲያው ከረጢት ውስጥ ትገባለች፤ ገመዱ ይሳባል፣ የመረቡ ቁጥርና ሰዓቱ ይያዛል። ከረጢቱን አንገታችሁ ላይ አትስቀሉ፤ እጃችሁ ላይ አንጠልጥሉና ወደ ጠረጴዛው ሂዱ። መሬት ላይ ከረጢት ማስቀመጥ የተከለከለ ነው፤ ሰው ይረግጠዋል።

ጠረጴዛው ላይ

ጠረጴዛው ጥላ ሥር፣ ከመረቡ ራቅ ብሎ ይሁን። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ወፏ ምን እንደሆነች ይወሰናል። እግሯ ይለካል፣ የቀለበቱ መጠን ይመረጣል። ቀለበቱ ቀዳዳ ባለው ልዩ ፒንሳ ይዘጋል፦ ሁለቱ ጫፎች ይገጥማሉ፣ አይደራረቡም፤ ቀለበቱ በእግሯ ላይ ይዞራል፣ ወደ ላይና ወደ ታችም ይንሸራተታል። ጫፎቹ መካከል ክፍተት ከቀረ ሣር ወይም ክር ይገባበታል። ይህን የሚያደርገው አሠልጣኙ ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ከብዙ ማለዳ በኋላ ነው ፒንሳ የሚይዘው።

ቀጥሎ ክንፍ። ጫፉ ላይ መቆሚያ ያለው ማስመሪያ ከታጠፈው ክንፍ ሥር ይገባና በሚሊ ሜትር ይነበባል። ከዚያ ስብ፦ የጉሮሮዋ ሥር ባለው ጉድጓድ ላይ በቀጭን ቱቦ ቀስ ብሎ እፍ ይባላል፣ ላባው ይከፈላል፣ ቆዳው ሥር ስብ ካለ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ከ0 እስከ 8 ነጥብ ይሰጠዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ያ ቢጫ ነገር ስንቅ ነው። ሰሃራን ለመሻገር የምትነሳ ትንሽ ወፍ ክብደቷን እስከ እጥፍ ልታደርስ ትችላለች፤ መሻገሩን ጨርሳ ስትደርስ ደግሞ ጉድጓዱ ባዶ ይሆናል፣ ከቀጭኑ ቆዳ ሥር ጥቁር ቀዩ ሥጋ ብቻ ይታያል። በመጨረሻ ክብደት። ወፏ አናቷን ወደ ታች አድርጋ ከላስቲክ ጠርሙስ በተቆረጠ ቱቦ ውስጥ ትገባና ሚዛን ላይ ትቀመጣለች፤ እስከ ግራም አንድ አሥረኛ ይነበባል። የቱቦው ክብደት አስቀድሞ መቀነሱን አረጋግጡ።

ዕድሜ የሚለየው በላባ ነው። በፊላ ውስጥ የምትኖረዋን ቡናማ ስደተኛ ወፍ ውሰዱ። ትልልቆቹ ላባቸውን የሚቀይሩት አፍሪካ ከደረሱ በኋላ ስለሆነ ኅዳር ላይ ገና ያልቀየረች ትልቅ ወፍ የክንፏ ጫፍ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበልቶ ታገኟታላችሁ። የዘንድሮ ጫጩት ላባ ግን ዳሩ ጥርት ያለ ነው። አዲስ የሚመስለው ልብስ የልጅየው፣ የነተበው የትልቋ ነው።

ሁሉም ነገር ለአንድ ወፍ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። አፏን ከፍታ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች፣ ላባዋን ነፍታ ዓይኗን ከጨፈነች፣ ሚዛኑም ስቡም ይቅር። ትለቀቅ። ቀለበት ሳይታሰርላት መሄዷ ጉዳት አይደለም።

ጸሐፊው

ብዙ ሰው ወፍ ሊይዝ ይመጣና መዝገብ ሲሰጠው ፊቱ ይጠቁራል። እኔ ግን ከዚህ ሥራ ሁሉ የሚከብደው የጸሐፊው ነው እላለሁ፣ ምክንያቱንም በራሴ ላይ ከደረሰው ልንገራችሁ።

በሁለተኛው ዓመቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ቀለበቶቹ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በሽቦ ላይ ይሰካሉ። መሐል ላይ አንዷ ቀለበት ከእጅ አምልጣ ሣር ውስጥ ጠፋች። እኔ መጥፋቷን አልጻፍኩም። ቁጥሩ በቅደም ተከተል ይሄዳል ብዬ፣ የሚነበበውን በደንብ ሳልሰማ፣ መስመሩን ዝም ብዬ ሞላሁ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መረብ አንዲት ቀለበት ያላት ወፍ ተያዘች፤ 11 ግራም የምትመዝን የፊላ ወፍ። መዝገቡን ስንገልጥ በዚያ ቁጥር የተጻፈችው ግን ሌላ ዓይነት ወፍ ነበረች። ቁጭ ብለን ስንመረምር ከጠፋችው ቀለበት ወዲህ ያሉት 11 ወፎች በሙሉ በአንድ መስመር ተንሸራትተው ተገኙ። የሌላዋን ቁጥር ይዘው ሄደዋል። የመጨረሻዎቹን ገጾች በእርግጠኝነት ማቃናት ስላልተቻለ 11ዱም ተሰረዙ። እነዚያ ወፎች በከንቱ ተይዘው፣ በከንቱ ብረት ተሸክመው ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ጸሐፊ የሚያደርገው ይህ ነው። ቀለበት አሳሪው ቁጥሩን ከቀለበቱ ላይ፣ ወፏ እግር ላይ ከታሰረ በኋላ፣ እያንዳንዱን አኃዝ ለየብቻ ያነባል። «ሰባ አራት» አይባልም፤ «ሰባት፣ አራት» ይባላል። ሰባ እና ሰባት፣ አምሳ እና አምስት በነፋስ ውስጥ አይለዩም። ጸሐፊው ጮክ ብሎ ይደግመዋል። አሳሪው «ልክ» ካላለ አይጻፍም። የጠፋ፣ የተበላሸ፣ የተጣመመ ቀለበት የራሱ መስመር ይሰጠዋል። በፊት የታሰረች ወፍ ስትመጣም ቁጥሯ እንደ አዲስ በሙሉ ይነበባል፤ «ያቺ የጠዋቷ ናት» ብሎ መዝለል የለም። 1 እና 7ን ለያይታችሁ ጻፉ። ስህተት በላጲስ አይጠፋም፤ አንድ መስመር ይሰመርበትና ትክክሉ ከጎኑ ይጻፋል።

መዝገብ ምን እንደሚያደርግ ዊዝደም የተባለችውን የባሕር ወፍ እነግራችኋለሁ። በሰላማዊ ውቅያኖስ ሚድዌይ በሚባል ደሴት ላይ ቻንድለር ሮቢንስ የተባለ ተመራማሪ በ1956 እ.ኤ.አ. ቀለበት ያሰረላት አልባትሮስ ናት። ብረቱ በጨው ስለሚበላ ቀለበቷ በየጊዜው ተቀይሯል። በ2002 እ.ኤ.አ. ያው ሰው እንደገና ያዛት፤ ከዚያ የቀለበት ለውጡን በመዝገብ ወደ ኋላ ሲከተሉት 1956 ላይ ደረሱ። በ2024 እ.ኤ.አ. እንኳ እንቁላል ስትጥል ታይታለች። የመጀመሪያው ቀለበት ከእግሯ ከወረደ ስንት ዘመኑ፤ ዕድሜዋን ያቆየው እርሳስ ነው።

መልቀቅ

ወፍ አትወረወርም። ከመንገድና ከመረቡ ራቅ በሉ፣ ወደ ደንገሉ ዞራችሁ እጃችሁን ዝቅ አድርጉና ጣታችሁን ክፈቱ። አንዳንዷ ወዲያው ትሄዳለች። አንዳንዷ መዳፍ ላይ ለጥቂት ጊዜ ትቀመጣለች፣ የልቧ ምት በቆዳችሁ ይሰማል፤ አትነቅንቋት፣ ስትፈልግ ትነሳለች። ፎቶ የሚነሳው አሠልጣኙ ከፈቀደ ብቻ ነው፣ እሱም ሥራው ሳይዘገይ። ወፏ መሬት ላይ ከወረደች ግን መልሳችሁ በከረጢት ጨለማና ጥላ ውስጥ አሳርፏት፣ ከዚያ ሞክሩ።

ከዚህ ማለዳ ውጭ፣ ሐይቁ ዳርም ሆነ እርሻ ላይ፣ ቀለበት ያላት የሞተች ወፍ ብታገኙ ቁጥሩንና አድራሻውን በሙሉ ጽፋችሁ፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ፣ ቦታውንና ቀኑን ጨምራችሁ ቀለበቱ ላይ ላለው አድራሻ ላኩ። ከአውሮፓ የምትመጣ ሽመላ ቀለበቷ ትልቅ ስለሆነ በመነጽር ከሩቅ ይነበባል። በሕይወት ካለች ወፍ ላይ ቀለበት አይወልቅም።

መዝጋት

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነፋሱ ይነሳል፣ ፀሐዩም ይበረታል። የመጨረሻው ዙር ይታይና መረቡ ይዘጋል። ማጠፉን ያስተማሩን እነዚያው ሽማግሌ ናቸው። የዳር ማንጠልጠያዎቹን በአንድ ጣት ሰብስቡ፣ በሲባጎ ቁራጭ እሰሯቸው፣ ከዚያ መረቡን ክንድ በክንድ እጃችሁ ላይ እያጠፋችሁ ወደ ሌላው ቀርከሃ ሂዱ። ማንጠልጠያው ካልታሰረ በሚቀጥለው ጊዜ ላይኛው የትኛው እንደሆነ ፈልጋችሁ አታገኙትም። መረቡ እርጥብ ከሆነ ቤት ሄዶ እንዲደርቅ ጥላ ላይ ይሰጣል።

ካስማው ይቆጠራል፣ መሬት ላይ አንድም የሲባጎ ቁራጭ አይቀርም። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ሻይና ቆሎው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ገልብጡ። ሁሉንም፣ ያልተጠቀማችሁበትንም ጭምር። መዝገቡ ላይ የገቡትንና የተለቀቁትን ቆጥራችሁ እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ። የተገለበጡትን ከረጢቶች ሲባጎ ላይ ስቀሏቸው። የመጨረሻው ሰው ከመሄዱ በፊት በገመዱ ሥር አንድ ጊዜ ይለፍ፣ እያንዳንዱን በእጁ ይንካ።